ቁልቁለት ላይ የሚያምም ጉልበት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ጎንደር ላይ ጉልበቱን አሞት የሚመጣ ሰው በብዛት የሚለው ይህንኑ ነው፦ «ዳገቱስ ይሁን፣ ቁልቁለቱ ነው ያቃተኝ።» ከጎሃ ኮረብታ ወደ ፒያሳ ሲወርድ ይወጋዋል፤ ሜዳ ላይ ግን ደህና ነው። ጥር 10 ታቦት አጅቦ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የወረደ ሰው በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለዚህ ሰጥተን ሌላውን በአጭሩ እንለፈው።

ምልክቱ

ሕመሙ ከሎሚው (ከጉልበቱ ክብ አጥንት) ሥር ወይም ዙሪያ ነው። ታክሲ ውስጥ ወይም ዱካ ላይ ብዙ ተቀምጠው ሲነሱ ጉልበቱ ይደርቃል። ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ይል ይሆናል፤ ሕመም የሌለው ድምፅ ብቻውን በሽታ አይደለም። እብጠት ወይ የለም ወይ ትንሽ ነው።

ምክንያቱ

ዳገት ሲወጡ የፊት ጭን ጡንቻ እያጠረ ይገፋል። ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ክብደት ተሸክሞ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ፍሬኑ ሲደክም ጫናው ሎሚው ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ምክንያት ዳሌ ጎን ያለው ጡንቻ ነው፤ እሱ ሲሰንፍ ጉልበቱ በየእርምጃው ወደ ውስጥ ያዘነብላል።

«ዘይቱ አልቋል» ብሎ ወር ሙሉ መተኛት ነገሩን ያባብሳል። ጡንቻ በሁለት በሦስት ሳምንት ዕረፍት መሟሸሽ ይጀምራል፤ ከዕረፍቱ ሲነሱ ቁልቁለቱ ያው ነው፣ ፍሬኑ ግን ቀንሷል።

የራስዎን ልክ ማግኘት

ሦስት ብሎኬት ያዘጋጁ፦ ባለ 10፣ ባለ 15፣ ባለ 20። በሰፊው ጎናቸው ሲተኙ ቁመታቸው 10፣ 15 እና 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በጥፍር ሲፋቅ የሚፈረፈረውን አሸዋ የበዛበት ብሎኬት አይውጡበት፤ ሥር ሆኖ ሲሰበር ቁርጭምጭሚት ይዞ ይሄዳል። ሊሾ ላይም ጆንያ ሳያነጥፉ አያስቀምጡት፣ ይንሸራተታል።

በሚያመው እግር ባለ 10ሩ ላይ ይቁሙ። ጤነኛውን እግር ወደ ፊት አውጥተው ተረከዙ መሬት እስኪነካ ቀስ ብለው ይውረዱ። ሌላ ሰው ከፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ሁለት ነገር ይመልከት። አንደኛ፣ ሎሚው ከእግር ሁለተኛ ጣት ጋር ቀጥ ብሎ ይወርዳል ወይስ ወደ አውራ ጣቱ ያዘነብላል? ሁለተኛ፣ ቀበቶው ወይም መቀነቱ ባንድ ወገን ዝቅ ይላል? ጉልበቱ ሳያዘነብል፣ መቀነቱም ሳይዘም፣ ሕመሙም (ምንም ካልሆነ 0፣ የማይቻል ከሆነ 10 ብለው ሲሰጡት) ከ3 ሳያልፍ የወረዱበት ከፍታ መነሻዎ ነው። የጓደኛዎ መነሻ ለእርስዎ አይሆንም። የ25 ዓመት ተማሪ ከባለ 20 ሊጀምር ይችላል፤ የ60 ዓመት እናት ደግሞ ከ5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ መጀመር ሊኖርባቸው ይችላል፣ ምንም ነውር የለበትም።

ባለ 10ሩም ካመመ በግድግዳ ይጀምሩ። ጀርባን አስደግፎ፣ ጉልበትን በከፊል አጥፎ፣ 45 ሰከንድ መቆም፤ አምስት ጊዜ፣ በየመሃሉ አንድ ደቂቃ ዕረፍት። ብዙ ሰው ላይ ሕመሙን ያበርዳል።

ሥራው

በመነሻዎ ከፍታ 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በዙር መሃል ሁለት ደቂቃ ዕረፍት። መውረጃው ሦስት ሰከንድ ይፍጅ። ሦስት ሰከንዱን የሚዘልለው ሰው ነው «ሠርቼ አልተሻለኝም» የሚለው፤ ፍሬን የሚሠለጥነው በመውረዱ ነውና። ተረከዙ መሬቱን ነካ ያድርግ እንጂ አይረፍበት። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፣ በየመሃሉ አንድ ቀን ይረፉ። ሦስቱንም ዙር 12 ሲያደርሱ ወደሚቀጥለው ብሎኬት ይለፉ። ባለ 20ው ሲቀል በየእጅዎ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይያዙ፤ ሁለቱ 10 ኪሎ ናቸው።

ለዳሌው፦ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሳት፣ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ተረከዙ ትንሽ ወደ ኋላ፣ የእግር ጣቶች ወደ ፊት። ጣቶቹ ወደ ጣሪያ ከዞሩ የሚሠራው የዳሌው ጎን ሳይሆን የፊቱ ጡንቻ ነው፣ ልፋቱ በከንቱ ይቀራል።

ማሸት? ከሥራው በፊት የፊት ጭንን 5 ደቂቃ ማሸት ይጠቅማል፣ ሎሚው ላይ ግን አይጫኑ። የማሸት ዕድሜው ሰዓታት ነው፤ ሕመም ያስታግሳል፣ ጡንቻ አይጨምርም። በየሳምንቱ እየታሹ ምንም ሳይሠሩ ዓመት የሚያልፍባቸው ሰዎች ያሳዝናሉ፤ ገንዘቡም ጊዜውም ነው የሚሄደው።

የሚበላሸው የት ነው?

በአሥረኛው ቀን። ሕመሙ ቀለል ይላል፣ ሰውየው ያቆማል፣ በሚቀጥለው ወር ይመለሳል። ጡንቻ እንዲጠነክር ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል።

በማግስቱ። ሥራው ላይ ትንሽ ማመሙ አያስፈራም፤ በማግስቱ ጠዋት ካለፈው ጠዋት የባሰ ከሆነ ግን ከፍታው በዝቷል፣ ዝቅ ወዳለው ብሎኬት ይመለሱ።

በማሰሪያ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ የጉልበት ማሰሪያ ብዙ ሳይቆይ ይላላል። ባይላላም ጡንቻውን ሆኖ አይሠራም።

በመርፌና በኪኒን። የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ በየቀኑ መውሰድ ጨጓራ ሊያደማ፣ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ሕመሙን ሸፍኖ ከልክ በላይ ማሠራቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

በጾም። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይጠነክርም። ሽሮና ምስር በየምግቡ ይኑር፤ 100 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 9 ግራም ፕሮቲን አለው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከተመገበ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢሠራ ይሻለዋል።

እስኪጠነክር ድረስ ቁልቁለቱን በአጭር እርምጃ፣ መንገዱ ሲፈቅድ በአግድም እየተጠማዘዙ ይውረዱ። ከዘራ የሚያዘው ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ሶሉ ያለቀ ሸራ ጫማና ነጠላ ጫማ ለቁልቁለት አይሆኑም።

ይህን አይሹ፣ አያሠሩ

አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ ካመመ፣ በተለይ ከወሊድ፣ ከረጅም ጉዞ ወይም ብዙ ቀን ከመተኛት በኋላ፦ ፈጽሞ አይታሽ። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ተነቅሎ ሳንባ ይገባል። ጉልበት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለ በዕለቱ ሐኪም ቤት። ወገብ አሞ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለ በዚያው ሰዓት። ስብራት ሲጠረጠር ወጌሻ አጥብቆ እንዲያስር አይፍቀዱ፤ ደም ተቋርጦ እግር እስከመቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች አሉ። ከተማችን ፊዚዮቴራፒስት የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ ያለበት ነው፤ ጉልበቱ መሃል ላይ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለም ወደዚያ ነው እንጂ ወደ ብሎኬት አይደለም።

ሌሎቹ

ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝ እንደ ሚስማር ከወጋ፦ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው፣ ጣቶች ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርገው፣ ተረከዝ ማንሳት። ሦስት ሰከንድ ወደ ላይ፣ ሁለት መቆየት፣ ሦስት ወደ ታች፤ 12 ጊዜ፣ በየሁለት ቀኑ። ወራት ይፈጃል።

ባጃጅ የሚነዱ ሰዎች ወገብ፦ በየሰዓቱ ወርዶ ጥቂት መራመድ፣ ማታ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት፤ 5 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር።

ሌሊት ባት ሲያሸማቅቅ፦ ጉልበትን ዘርግቶ የእግር ጣቶችን ወደ ራስ መሳብ።

ትከሻ ወደ ላይም ወደ ኋላም አልሄድ ብሎ ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ፦ ከመታሸት በፊት ስኳር ያስመርምሩ።