ዳዊትን ከወሩ ቀን ጋር መድገም፦ በእግዚአብሔር ጥበቃ ታምኖ ለመንገድ ለሚነሣ ሰው

ዳዊት ለመድገም የተነሣ ምእመን ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ገና በመጀመሪያው ሰኞ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተለመደው የሳምንት አከፋፈል ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው፤ እሑድ መኃልየ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማሉ። ይህ ለመነኮሳት፣ ለካህናትና ዳዊትን ከልጅነቱ ለለመደ ሰው ይመቻል። ለጀማሪ ግን ሠላሳ መዝሙር ድምፅ አውጥቶ ማንበብ አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በማለዳ የታክሲ ሰልፍ የሚጠብቀው ሰው አይችለውም። ሁለት ሳምንት ይታገልና ይተወዋል። ከዚያ ቪዛ ሲዘገይ ወይም ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም አቧራውን አራግፎ መጽሐፉን ያነሣል።

በእግዚአብሔር መሪነትና ጥበቃ መታመን የሚለመደው ግን በደህናው ቀን ነው። ጭንቅ ሲመጣ አፍ የሚያወጣው ቀድሞ የለመደውን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥርዓት ሠራተኛም፣ ተማሪም፣ ስደተኛም ሳያቋርጥ ሊይዘው እንዲችል ተደርጎ የተቀመጠ ነው። የንስሐ አባት ያላችሁ አሳዩአቸውና እንደ አቅማችሁ ይጨምሩበት ወይም ይቀንሱበት።

በቀን አምስት መዝሙር

የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ መዝሙሩ 150 ነው፣ ለቀን አምስት ይደርሳል። ሠንጠረዥ መያዝ አያስፈልግም፤ የወሩን ቀን በ5 ማባዛት ብቻ ነው። የሚመጣው ቁጥር የዕለቱ የመጨረሻ መዝሙር ነው። ወሩ በባተ በ12ኛው ቀን 12 በ5 ሲባዛ 60 ይሆናል፣ ስለዚህ የዕለቱ ድርሻ ከ56 እስከ 60 ነው። ሦስቱን ጠዋት፣ ሁለቱን ማታ ማድረስ ይቻላል።

የዚህ አከፋፈል ትልቁ ጥቅም ያመለጠ ቀን ዕዳ ሆኖ አለመቆለሉ ነው። ሦስት ቀን ያመለጠው ሰው አሥራ አምስት መዝሙር ለማካካስ ሲሞክር ነው ጭራሹን የሚያቆመው። የዛሬውን ቀን ይዘው ይቀጥሉ፤ ያለፈው በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል።

ሁለት ከባድ ቀኖች አሉ። በ21 ከ101 እስከ 105 ያሉት በሙሉ ረጃጅም ናቸው፤ ያን ዕለት ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ መነሣት ይሻላል። በ24 ደግሞ ከሁሉ አጭር የሆነው 116 እና ከሁሉ ረጅም የሆነው 118 ይገናኛሉ። መዝሙር 118 ብቻውን 176 ቁጥር አለው፣ ስምንት ስምንት ቁጥር እየሆነ በ22 ክፍል የተከፈለ ነው። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ በ23 ከ111 እስከ 117 ያድርሱ፣ 24ን ለ118 ብቻ ይተዉና አሥራ አንዱን ክፍል ጠዋት፣ አሥራ አንዱን ማታ ያድርጉት፣ በ25 ከ119 እስከ 125 ይቀጥሉ። በዚያ አካባቢ ያሉት የመዓርግ መዝሙራት አጫጭር ስለሆኑ አይከብዱም።

ለጳጉሜን መጽሐፈ ጦቢት ይስማማል። 14 ምዕራፍ ነው፣ በቀን ሦስት ሦስት ሲያነቡ በአምስት ቀን ያልቃል። ጦብያን በመንገድ የመራው የቅዱስ ሩፋኤል በዓልም ጳጉሜን 3 ይውላል።

ቁጥሩ እንዳያደናግር

አንዱ «መዝሙር 90» ሲል ሌላው «91» የሚለው ስለ አንድ መዝሙር ነው። የግእዙ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር ይከተላል፤ በአብዛኞቹ የእንግሊዝኛና በአንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ያለው የዕብራይስጡ ነው። ከ10 እስከ 112 ባለው የእኛ ቁጥር ላይ አንድ ሲጨምሩ የዕብራይስጡን ያገኛሉ፤ ከ116 እስከ 145 ባለውም እንዲሁ። የመጀመሪያዎቹ ስምንትና የመጨረሻዎቹ ሦስት በሁለቱም እኩል ናቸው። ስልክ ላይ የጫኑት መተግበሪያ የትኛውን እንደሚከተል ለማወቅ 22ን ይክፈቱ፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚል ከሆነ የእኛው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ በግእዙ አቆጣጠር ናቸው።

አቋቋሙ

ፊትን ወደ ምሥራቅ ማድረግ ነው፣ ወደ ኢየሩሳሌም አይደለም። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ሰው ኢየሩሳሌምን ፈልጎ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቢዞር ተሳስቷል፤ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ይቁም። አማትቦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ብሎ ይጀምራል፣ የዘወትር ጸሎትና አቡነ ዘበሰማያት ያደርሳል፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይደግማል፣ ከዚያ ወደ ዳዊቱ ይገባል። ጊዜ ያጠረው ቀን ከዘወትር ጸሎቱ አቡነ ዘበሰማያትንና ጸሎተ ሃይማኖትን ይዞ ዳዊቱን ወደ ሁለት መዝሙር ዝቅ ማድረግ ሙሉውን ከመተው ይሻላል። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ በጌታ በዓላትና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ስግደት የለም፤ ቆሞ ማድረስ ይበቃል። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ ባትገባም በቤቷ ከመጸለይ አትከለከልም፤ ይህን ባለማወቅ በየወሩ ሳምንት ሙሉ የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው።

ግእዙን የማይሰማ ሰው በአማርኛው ይድገም። ዜማው ደስ ስላለው ብቻ ያልገባውን የሚያነበንብ ሰው ከወር በኋላ ልቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስልክ ላይ የሚያነብ ደግሞ አስቀድሞ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርገው፤ በመዝሙሩ መካከል የቴሌግራም መልእክት ብቅ ካለ የቀረው ንባብ የዓይን ብቻ ነው።

የጥበቃው መዝሙር ምን ይላል

«በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን መዝሙር 90 በቃሉ የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው፣ በትክክል የሚጠቀምበት ግን ከዚያም ያነሰ ነው። ሁለት ቁጥሮችን ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

አንደኛው ቁጥር 11 ነው፦ «በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋልና»። ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው ይህንኑ ነው። ማቴዎስ 4፥6ን ከመዝሙሩ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ቢያነቡ ግን «በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ» የሚለው ቀርቷል። ጥበቃው የተነገረው በመንገዱ ለሚሄድ ሰው ነው፤ ከጫፍ መዝለል ደግሞ መንገድ አይደለም። የጌታም መልስ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ነበር። እንግዲህ መዝሙር 90ን ከደገመ በኋላ ቀበቶ ሳያስር የሚነዳ፣ እንቅልፍ እየጣለው ሌሊቱን ደሴ ለመግባት የሚሮጥ፣ ወይም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ለደላላ ገንዘብ ከፍሎ በበረሃ የሚወጣ ሰው የትኛውን ክፍል እየኖረ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘው ሥዕልም የሹፌሩን እይታ የሚጋርድ ከሆነ ወርዶ በክብር ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ቁጥር 15 ነው፦ «በመከራውም ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ»። መከራ አይመጣም አላለም። ይህን ያላየ ሰው የመጀመሪያው ችግር ሲገጥመው «ጸልዬ ነበር እኮ» ብሎ ጸሎቱን ይተዋል።

ከ90 ሌላ ለመንገደኛ ሦስት መዝሙር በቃል መያዝ ይበቃል፦ 22፣ 26 እና 120። 26 የሚሻለው መልስ ለዘገየበት ሰው ነው፤ መጨረሻው «በርታ፥ ልብህም ይጽና፤ እግዚአብሔርን ተስፋ አድርግ» ይላል። 120 ስምንት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሕፃንም በሳምንት ይይዘዋል።

ውሳኔ ሲቀርብ

ልሂድ ወይስ ልቅር፣ ላግባ ወይስ ልቆይ የሚል ጥያቄ ያለው ሰው በመጀመሪያ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ይጻፈው። «ጌታ ሆይ መንገዴን አቅና» የሚለው ለዘወትር ጥሩ ነው፤ ለውሳኔ ግን «በዚህ ውል ቤይሩት ልሂድ?» ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ ለንስሐ አባቱ ይንገር፣ ሰባት ቀን ይያዝ፣ አቅሙ ከፈቀደ እስከ 9 ሰዓት ይጹም፣ ከዕለቱ ዳዊት በተጨማሪ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ኢንሱሊን የሚወስድና በሕክምና ላይ ያለ ሰው ጾሙን ሳይሆን ጸሎቱን ይጨምር።

በእነዚያው ሰባት ቀናት የሰው ድርሻም ይሠራል። ውሉን የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል፣ ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን ይጠይቃል፣ እዚያው አገር ያለች እህት ወይም ጎረቤት ካለች ይደውላል። የጦቢት ታሪክ እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለው። ጦቢት ልጁን ሩቅ አገር ሲልክ ሊመራው የመጣውን ሰው በመጀመሪያ ወገንህ ማን ነው ብሎ ጠየቀው፣ ቀጥሎ የቀን ደመወዙን ተስማማ፣ ከዚያ መረቃቸው። የተጠየቀው መልአክ ነበር። መልአክ እንኳ ተጠይቆ ከተቀጠረ ደላላን ማጣራት እምነት ማጣት አይሆንም።

መልስ የሚጠበቅበትን መንገድ ብዙ ሰው ያበላሻል። መጽሐፍ ቅዱስን ዓይን ጨፍኖ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ማንበብ መልስ አይደለም። ሕልምም ብቻውን አይበቃም፤ መጽሐፈ ሲራክ በሕልም የሚታመንን ሰው ጥላ ለመያዝ ከሚሮጥ ጋር አመሳስሎታል። የንስሐ አባት ምክር፣ የታወቀው እውነት፣ የቤተሰብ ሐሳብና የልብ ዕረፍት ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ በስምንተኛው ቀን ይወሰን። ካልተስማሙ አንድ ሱባኤ (ሰባት ቀን) ይጨመር፤ ደላላው «ዛሬ ካልከፈልክ ያልፍሃል» ማለቱ ግን ቀኑን ለማሳጠር ምክንያት አይሆንም።

ስለት የሚሳል ሰው በፍርሃት ሰዓት ትልቅ ነገር አይጥራ። ምን እንደሆነ፣ ለየትኛው ደብርና እስከ መቼ እንደሚሰጥ ለይቶ በዚያው ወረቀት ይጻፍ። ተስሎ ከመዘንጋት አለመሳል እንደሚሻል መጽሐፈ መክብብ በግልጽ ተናግሯል።

መጠንቀቅ ያለብን

መዝሙር 108ን የጠላትን ስም እየጠሩ የሚደግሙ ሰዎች አሉ። በወሩ በ22 ሲደርስ እንደ ሌላው ይነበባል፤ ጠላት የሚለውም ስለ አጋንንትና ስለ ገዛ ኃጢአታችን ነው። ጎረቤትን ለማስረገም የሚደገም ዳዊት ጸሎት መሆኑ ይቀራል። ዳዊቱን ከትራስ ሥር አድርጎ ሳይገልጡት መተኛት፣ ከደብተራ የተገዛ ክታብ በአንገት ማንጠልጠልና «ኮከብህን ልይልህ» ለሚል ሰው እጅ መስጠትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አያቁም፤ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር።

የመነሻው ዕለትና ከዚያ በኋላ

ሻንጣው ከማታ ይዘጋ፤ በሩጫ የሚደርስ ጸሎት ልብ አያሳርፍም። ከመንገድ በፊት ባሉት ቀናት ንስሐ መግባትና ከተቻለ መቁረብ ይቀድማል። ጠዋት ቤተሰቡ በአንድነት ይቆማል፣ አቡነ ዘበሰማያት ይባላል፣ ተጓዡ 120ን ያነባል፣ በዕድሜ የሚበልጡት አባት ወይም እናት «በሰላም ያግባህ፣ በሰላም ያግባሽ» ብለው ይመርቃሉ። ጠቅላላው ከአሥር ደቂቃ አያልፍም።

በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት የራሷ ክፍል ላይኖራት፣ መጽሐፍና ሥዕል ማውጣትም ላይፈቀድላት ይችላል። በቃሏ የያዘቻቸው አራቱ መዝሙራት የሚጠቅሟት ያን ጊዜ ነው። ሰባቱን የጸሎት ሰዓታት በሰዓቷ ብትሞላቸው በአገሩ ሰዓት ጠዋት 6፣ 9፣ ቀትር 12፣ ከሰዓት 3፣ 5፣ ማታ 9 እና እኩለ ሌሊት ይሆናሉ። በየሰዓቱ ዕቃ እያጠበች በልቧ «አቤቱ፥ እኔን ለመርዳት ፍጠን» ብትል ሌላ ሰው አይሰማትም፣ ሥራዋም አይስተጓጎልም። ፓስፖርቷ ቢነጠቅ ወይም ብትመታ ግን ጸሎቱን ይዛ ለኤምባሲ ወይም ለፖሊስ ታሳውቅ፤ ዝም ብሎ መቻል ከመታመን ጋር አይምታታ።

ውጭ አገር የሚኖር ሰው ስልኩ ላይ የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ይጫን፣ አለዚያ አከፋፈሉ ይዛባበታል። ካልተመቸው በፈረንጁ ቀን ይሂድ። በ31ኛው ቀን 118ን በድጋሚ ያድርስ። የካቲታቸው በ28 ሲያልቅ ከ141 እስከ 150 ያሉት ይቀሩበታል፤ በመጨረሻው ቀን ማታ ሊጨምራቸው ይችላል።