ሚኒባሱ ቤንዚን ይበላል፣ ሚኒሞ ላይም ይጠፋል፦ ከየት እንጀምር?

ቤንዚን መብላቱና ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) መጥፋቱ፣ ሁለቱ ችግሮች አብረው ሲመጡ ብዙ ሰው ለየብቻ ያስጠግናቸዋል። ለመጥፋቱ ቤንዚን ፓምፕ ይቀየራል፣ ለፍጆታው ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ይቀየራል። ብሩ ያልቃል፤ መኪናው ግን ትራፊክ መብራት ላይ ቀጥ ማለቱን አይተውም። እንደኔ እንደኔ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሁለቱንም በአንዴ የሚያመጣው ምንድን ነው የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚገባው ቤንዚን ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። የተረፈው ቤንዚን ሳይቃጠል በጭስ ማውጫ ይወጣል። ሚኒሞ ላይ ደግሞ ካንዴላውን ያፍነውና ሞተሩ ይጠፋል።

እዚህ የማወራው በቤንዚን ስለሚሠራው ቶዮታ ሃይስ ነው፤ በተለይ «ዶልፊን» ስለምንለው፣ 1 አር ዜድ ወይም 2 አር ዜድ ሞተር ስላለው። ካርቡሬተር ያለውም (ቤንዚንና አየር ያለ ኮምፒዩተር የሚቀላቀልበት) ኢንጀክሽን የሆነውም (ቤንዚኑን ኮምፒዩተር እየመጠነ በኢንጀክተር የሚረጭበት) አለ። «አባዱላ» ላይ የሚገኘው 2 ቲ አር በአንዳንድ ነገር ይለያል፤ ሲደርስ እጠቅሰዋለሁ። መኪናችሁ ናፍጣ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ አይመለከታችሁም።

አንድ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። መኪናው ውስጥ የቤንዚን ሽታ ካለ ሌላውን ሁሉ ተዉና የሚንጠባጠብበትን ቦታ ፈልጉ። የሃይስ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ስር ነው። እዚያ የሚፈስ ቤንዚን ፍጆታ ብቻ ሳይሆን እሳትም ነው።

በእርግጥ ይበላል?

ሾፌሩ «ይበላል» ይላል፤ ባለንብረቱ ሾፌሩን ይጠረጥራል። ክርክሩን የሚፈታው ልኬት ነው። ታንከሩን አስሞሉ፣ የማደያው ፓምፕ ራሱ ሲያቆም አቁሙ፣ ቆጣሪውን መዝግቡ። ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር ከሠራ በኋላ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ እንደገና አስሞሉ። የሄደውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። ጎረቤት «የኔ በሊትር ይህን ያህል ይሄዳል» የሚለውን አትስሙ። ቀኑን ሙሉ ተራ የሚጠብቅ ታክሲና አገር አቋራጭ የሚሠራ መኪና አይወዳደሩም። የራሱን የቀድሞ ልክ ያዙ።

ፍጆታው ጨምሮ ሞተሩ ግን የማይጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ከሞተሩ ውጭ ሊሆን ይችላል። የጎማ ንፋስ ያንሳል፣ ፍሬን ይዞ አይለቅም፣ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል። ፍሬን ለመያዙ ምልክቱ ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ተለይቶ መጋሉ ነው። እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀቱን ተሰሙት እንጂ አትንኩት። ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ የተገጠመለት መኪና ደግሞ ቆጣሪው ኪሎ ሜትር ስለሚያሳንስ ሳይበላ የበላ ይመስላል።

ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት

የመመርመሪያ ማሽን ከመግጠም በፊት ካንዴላ ማየት ይቀድማል። መኪናው እንደ ልቡ ከተነዳ በኋላ አጥፍታችሁ፣ ሲቀዘቅዝ አውጡት። ሚኒሞ ላይ ብዙ ቆይቶ የጠፋ ሞተር ካንዴላው ስለሚጠቁር ያሳስታል። የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ እንዳይቀላቀልባችሁ በተራ አስቀምጧቸው።

ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ጥቁርና በዘይት የራሰ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ከሆነ አየር በዝቷል። ዋናው ነገር ግን ስንቶቹ ናቸው የሚለው ነው። አንዱ ብቻ ከጠቆረ የዚያን ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ፣ ኢንጀክተር ወይም ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ተመልከቱ። አራቱም ከጠቆሩ ጥፋቱ አራቱንም የሚያገለግል ነገር ላይ ነው። አዲስ ካንዴላ መግጠም ለጥቂት ቀን ያሻሽለዋል፣ ከዚያ እሱም ይጠቁራል። በነገራችን ላይ የአር ዜድ ካንዴላ ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

አራቱም ጥቁር ናቸው፣ ሞተሩም ኢንጀክሽን ነው

ኤር ፊልትሩን እዩ፤ ከደፈነ ቀይሩ። በኮምፕሬሰር እየነፉ ዓመት ማቆየት ወረቀቱን ይቀደዋል።

ቀጥሎ ቴርሞስታት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው። እኛ አገር ቴርሞስታት አውልቆ መጣል እንደ ጥገና ይቆጠራል። ሞተር ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ውጤቱን ግን ማንም አይነግራችሁም። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን ለመያዝ ይዘገያል፣ ብርድ ሲሆን ጭራሽ አይደርስም። ኮምፒዩተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ እንደ ጠዋት መነሻ ቤንዚን መጨመሩን ይቀጥላል። የሙቀት ጌጁ ከግማሽ በታች ተኝቶ የሚውል ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ። ቴርሞስታቱ ካለ ድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ አሙቁት። 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃው ፈልቶም ካልተከፈተ፣ ወይም ገና ቀዝቃዛ ሳለ ተከፍቶ ካገኛችሁት ቀይሩት። ሞተሩ የሚሞቀው በራዲያተር መደፈን ከሆነ ራዲያተሩን አሠሩ።

ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ለኮምፒዩተሩ ሙቀት የሚነግረውን ሴንሰር ለኩ። ይሄ ጌጁን ከሚያንቀሳቅሰው ይለያል፤ ስለዚህ ጌጁ ልክ ሆኖ ሴንሰሩ ሊዋሽ ይችላል። 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም ማሳየት አለበት። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሁለት ኪሎ ኦም የሚያነብ ከሆነ አገኛችሁት።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ደግሞ ወደ ማፕ ሴንሰር (የአየር መግቢያውን ግፊት ወደሚለካው) የምትሄደውን ቀጭን የቫኪዩም ጎማ ነው። ይህች ጎማ ከተሰነጠቀች ወይም ከወለቀች ሴንሰሩ ሙሉ የአየር ግፊት ያነባል። ኮምፒዩተሩም መኪናው ዳገት ላይ ጭኖ እየታገለ ነው ብሎ ቤንዚን ይለቃል። ጥቁር ጭስ፣ ከባድ ሽታ፣ ሚኒሞ ላይ መጥፋት፣ ሁሉም ከአንዲት ጎማ። ኮምፒዩተር ይቀየር የሚላችሁ ካለ መጀመሪያ ይቺን ጎማ አሳዩኝ በሉት። 2 ቲ አር ላይ አየሩን የሚለካው ኤር ፍሎው ሴንሰር ስለሆነ እዚያ የሚታየው ሴንሰሩ አቧራ መያዙ ነው። ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይጸዳል፤ በጨርቅ አይነካም።

የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያውንም አትርሱ። አር ዜድ ላይ ከኢንጀክተሮቹ መስመር ጫፍ ነው ያለው፣ የቫኪዩም ጎማም አለው። ጎማውን ንቀሉና አሽትቱ። ውስጡ ቤንዚን ካለ የመቆጣጠሪያው ሽፋን ተቀድዷል። ይህ መኪና ሞቆ ሲጠፋ ቶሎ አይነሳም፤ ሲነሳም ጥቁር ጭስ ይተፋል። መፍትሄው መቀየር ነው።

ለቀድሞዎቹ ኢንጀክሽን ሃይሶች የዲያግኖስቲክ ማሽን የግድ አይደለም። ሞተሩ አጠገብ ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ክዳን ላይ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። «ቲ ኢ 1»ን እና «ኢ 1»ን በቁራጭ ሽቦ አገናኙ፣ ቁልፍ ክፈቱ፣ ሞተር አታስነሱ። የቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭታ ይቆጥርላችኋል። ሁለት ብልጭታ፣ ፋታ፣ ከዚያ ሁለት ብልጭታ 22 ነው፤ የሙቀት ሴንሰር ማለት ነው። 31 የማፕ ነው። 21 ኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ አንዳንዱ ሃይስ ግን ከነጭራሹ ኦክስጅን ሴንሰር የለውም። ሌላ ቀዳዳ እንዳትነኩ ብቻ ተጠንቀቁ።

ካርቡሬተር ከሆነ

የታወቁት ሦስት ናቸው፦ ያልተለቀቀ የማስነሻ አየር መዝጊያ፣ የማይዘጋ የቤንዚን መርፌ፣ ውሃ እንደገባበት ጀልባ ቤንዚን ሞልቶት የሰጠመ ተንሳፋፊ። የኋለኞቹ ሁለቱ ካርቡሬተሩን ያጥለቀልቁታል። ሲከፈት በዓይን ይታያል።

ካርቡሬተር ኮምፒዩተር ስለሌለው ከፍታን አያውቅም። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። በተቃራኒው ሸገር ላይ ቤንዚኑ ተቀንሶ የተስተካከለ መኪና አዋሽ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ጉልበት ያጣል፣ ያንኳኳል፣ ይሞቃል። ስለዚህ መኪናው በቋሚነት በሚሠራበት ከፍታ ላይ አስተካክሉት። ሞተሩ በደንብ ሞቆ የሚኒሞ ቅልቅል ብሎኑን ዙሩ በጣም እስኪጨምር ድረስ አዙሩ፣ ከዚያ ሚኒሞውን በደቂቃ 750 ዙር አካባቢ አቁሙት።

ሚኒሞ ላይ ብቻ የሚጠፋ ካርቡሬተር ከሆነ በሽቦ የሚሠራውን የሚኒሞ ቤንዚን መዝጊያ ፈትሹ። ቁልፍ ሲከፈት «ቀጭ» ማለት አለበት። ዝም ካለ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ወይ ሞቷል።

መቼ ነው የሚጠፋው?

ጋራዥ ስትሄዱ «ይጠፋል» ብቻ አትበሉ፤ መቼ እንደሚጠፋ ተናገሩ።

ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ልትቆሙ ስትሉ የሚጠፋ ከሆነ የአየር መግቢያው ጉሮሮና የሚኒሞ ቫልቩ ጥቀርሻ ይዘዋል። ይጸዱ። 2 ቲ አር ላይ ከጽዳት በኋላ ሚኒሞው ለትንሽ ጊዜ ሊዋዥቅ ይችላል፤ አትደንግጡ።

አንድ ሰዓት ያህል ደህና ሄዶ የሚጠፋ ከሆነ የታንከሩን ክዳን ክፈቱ። አየር ስቦ «ፍስስ» ካለና መኪናው ወዲያው ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ከሁሉም ርካሹ ጥገና ይሄ ነው።

ሲሞቅ በድንገት፣ ቁልፍ እንደተዘጋ ያህል ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ ኤሌክትሪክ ነው። ሲጠፋ ወዲያው እያስነሳችሁ የዙር ጌጁን እዩ። መርፌው ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ቦቢናውን (የካንዴላውን ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን)፣ ኢግናይተሩን (ቦቢናውን የሚያዘውን) ወይም ዲስትሪቢውተር ውስጥ ያለውን ሲግናል ሰጪ ጠርጥሩ፤ 2 ቲ አር ላይ ደግሞ ክራንክ ሴንሰሩን። እየተንቀጠቀጠና እየተሳበ ከጠፋ ግን ቤንዚን እያነሰው ነው፦ ፊልትሮ፣ ፓምፕ፣ ታንከር ውስጥ ውሃ። ዳገት ላይ የሚብስ ከሆነ ከፊልትሮው ጀምሩ። ካርቡሬተር ያለው ሃይስ ቆላ ላይ ዳገት ወጥቶ ሲቆም ከጠፋ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ተንኗል። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ማድረግ ለመንገድ ይሆናል፤ ቋሚው መፍትሄ ከጭስ ማውጫው የሚከልለውን ቆርቆሮ መመለስ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ጥገና ላይ ተፈቶ የቀረው እሱ ነው።

ሁሉም ተፈትሾ ምንም ካልተገኘ

አሁን ኮምፕሬሽን ይለካ። የአር ዜድ መደበኛ ልክ በካሬ ሴንቲ ሜትር 12.5 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ይህ ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ላይ ደህናው ሞተር እንኳ ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። በዚህ ምክንያት ብቻ «ሞተሩ አልቋል» ተብለው የተከፈቱ ሞተሮች አሉ። የሚታየው የሲሊንደሮቹ ልዩነት ነው፤ ከ1 ኪሎ መብለጥ የለበትም። አንዱ ከወደቀ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ የፒስተን ሪንግ ነው። ንቅንቅ ካላለ ቫልቭ ነው፣ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል።