ሽማግሌ ሁኑ ሲሏችሁ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት

ባሕር ዳር ላይ ዕድሜው 40 አለፍ ያለና ትዳር የያዘ ሰው አንድ ቀን መጠራቱ አይቀርም። «ተጣልተናል፣ እባክህ ሽማግሌ ሁነን» ይሉታል። ክብር ነው፣ እምቢ ማለትም ይከብዳል። ግን እሺ ከማለታችሁ በፊት አንድ ሥራ አለ። እኔ ያንን ሥራ ሳልሠራ ቀርቼ የሁለት ሰዎችን እርቅ አፍርሻለሁ።

ሰዎቹ በጋራ ሞተር ጀልባ ገዝተው ወደ ዘጌ እንግዳ ያመላልሱ ነበር። ሞተሩ ተቃጠለ። የማሠሪያው ብር ከማን ይውጣ ሲባባሉ የድሮው ሒሳብ ሁሉ ተነሣ። ሦስት ሆነን ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጥን፣ አምስት ቅዳሜ ሙሉ ደረሰኝ ስንቆጥር ከረምን፣ በመጨረሻ አስማማናቸውና የሚፈራረሙበትን ወረቀት ይዘን መጣን። ያን ዕለት አንደኛው ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ የሒሳብ ደብተሩ ላይ አስቀመጠው። ፎቶ ነው። የባላጋራው ሴት ልጅ ክርስትና የተነሣችበት ቀን። ሕፃኗን የታቀፈችው ባለቤቴ ናት፣ ከኋላዋ ነጠላ አጣፍቼ የቆምኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ይኼን ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ልዋሽ ብዬ አልነበረም። ክርስትና እናቷ ባለቤቴ ናት፣ ዓመታት አልፈዋል፣ ከአባትየው ጋር የምንገናኘውም በዓመት አንዴ ቢሆን ነው፤ «ይኼ ምን ያደርጋል?» ብዬ ለራሴ ፈርጄ ነበር። ስህተቴ እዚያ ላይ ነው። ያደርጋል አያደርግም የሚለውን መፍረድ የእኔ ድርሻ አልነበረም። ውሳኔያችን ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ፣ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ሊሰማን አልቻለም። አልፈርድበትም። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ።

ስለዚህ ስትጠሩ መጀመሪያ ማታ ደብተር ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ከሁለቱም ወገን ጋር ያላችሁን ሁሉ ጻፉ። ዝምድና፣ አበልጅነት፣ ዕድር፣ ዕቁብ፣ የጽዋ ማኅበር፣ ብድር፣ የቤት ኪራይ፣ አንድ የነፍስ አባት ካላችሁ እሱም ይጻፋል። ቂምም ይጻፋል፤ ሰው ወዳጅነቱን ያስታውስና ቅያሜውን ይረሳል። የትዳር ጓደኛችሁንም ጠይቁ፣ ባል የማያውቀውን ሚስት ታውቃለች። ከዚያ ነገሩን ራሱን እዩት። ጠቡ የሽርክና ከሆነና እናንተም ከሸሪካችሁ ጋር በገንዘብ ተካሳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ሁለቱን ሰዎች ጭራሽ ባታውቋቸውም ይህ መነገር አለበት።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ «ጁሪ ተጠራሁ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እኛ አገር የሚፈርደው ዳኛ ነው። እዚያ ግን በብዙ ክርክር ላይ ፍሬ ነገሩን የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ናቸው፣ በከባድ ወንጀል አብዛኛውን ጊዜ 12 ሆነው። ከመመረጣቸው በፊት ተከራካሪዎቹን ያውቁ እንደሆነ፣ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸው እንደሆነ በመሐላ ይጠየቃሉ። በ1984 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የወሰነው አንድ ጉዳይ ከእኔ ታሪክ ጋር ይመሳሰልብኛል። ክርክሩ በሣር ማጨጃ ማሽን ስለተጎዳ ልጅ ነው። ተመራጮቹ ከቤተሰባችሁ ከባድ ጉዳት የደረሰበት አለ ወይ ሲባሉ አንዱ ዝም አለ። የእሱ ልጅ የከባድ መኪና ጎማ ፈንድቶበት እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ አባትየው ግን ያ ከተጠየቀው ጉዳት የሚቆጠር አልመሰለውም። ፍርድ ቤቱ በቅንነት የተሳሳተ መልስ ብቻውን ክርክሩን አያስደግምም አለ። እንዲደገም ከተፈለገ ሰውየው በሐቅ እንዳልመለሰ፣ እውነቱን ቢናገር ኖሮም ያ ከወንበሩ የሚያስነሣው እንደነበር መታየት አለበት። የተጻፈ ሕግ ባለበት እንዲህ ብሎ መለየት ይቻላል። ዋርካ ሥር ግን ሽማግሌ ከእምነት በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም።

በእኛም አገር የግልግል ዳኝነትን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 1237/2013፣ ዳኛ እንዲሆን የተጠየቀ ሰው ገለልተኛነቱን ሊያጠራጥር የሚችል ነገር ካለው አስቀድሞ እንዲገልጽ ያዝዛል። «ሊያጠራጥር የሚችል» የሚለውን ልብ በሉ። አዳልቷል ወይ ተብሎ እስኪጣራ አይጠበቅም።

አነጋገሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለአንዱ በስልክ፣ ለሌላው በአካል አይሆንም። ሁለቱም ባሉበት፣ ነገሩን መስማት ሳትጀምሩ፣ «ከእገሌ ጋር አንድ ዕድር ነን፣ ባለቤቴም ለልጁ ክርስትና እናት ናት» በሉ። እዚያ ላይ ዝም በሉ። «ግን ምንም አይደለም፣ እኔ ለማንም አላዳላም» ብላችሁ አትጨምሩ፤ እንዲህ ካላችሁ በኋላ ፊት ለፊታችሁ አይሆንም የሚል ደፋር አይገኝም፣ በተለይ በዕድሜ የሚያንሳችሁ ከሆነ። ቡና ጠጡ፣ ወጣ በሉና እርስ በርስ ይነጋገሩ። ይቅርብን ካሉ መርቃችሁ ሂዱ፣ አትቀየሙ።

ወንጀል ከሆነ ደግሞ ጨርሶ የተለየ ነው። ማስታረቅ፣ ደም ማድረቅ መልካም ነው። ግን ከባድ ወንጀል በሽማግሌ እርቅ አይዘጋም። ምስክር ቤት ሄዶ «ታርቀዋል፣ ቃልህን ለውጥ» ማለት ራሱ ወንጀል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት የመሰማት፣ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹሕ የመቆጠርና የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ምስክሩ በሽማግሌ ቃል ከተለወጠ ተበዳይም ተከሳሽም ፍትሕ አያገኙም።

ከተቀመጣችሁ በኋላ ማታ ማታ ስልክ ይመጣል። «አንድ ነገር ልንገርህ ብዬ ነው» ይላችኋል። «ቅዳሜ ሁላችንም ባለንበት ንገረን» በሉና ዝጉት። መሐል ላይ የረሳችሁት ነገር ትዝ ካላችሁም ሦስተኛው ቅዳሜ ቢሆን እንኳ ተናገሩ፤ ያሳፍራል፣ ግን ፎቶው ሲመጣ ከማፈር ይሻላል።

ሲያልቅ በስምምነቱ ወረቀት ላይ፣ ከስማችሁ ቀጥሎ፣ የተናገራችሁትን ጻፉት። እኔ አሁን «ከአንደኛው ወገን ጋር የአንድ ዕድር አባል መሆናቸውን ገልጸው፣ ሁለቱም ወገኖች ሰምተው ተስማምተዋል» ብዬ አስጽፋለሁ። ሁለቱም እዚያው መስመር ሥር ይፈርሙበታል።