ራሳችሁን ውጭ እንዳትቆልፉ፦ የስዊች ፖርት ማረጋገጫና ሉፕ መከላከያ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

እዚህ ሥራ ላይ ጉድ የሚሠራን ብዙ ጊዜ ትእዛዙ አይደለም፤ ትእዛዙን ያስገባንበት ፖርት ነው። የትኛው ፖርት ወደ ሰው ኮምፒውተር፣ የትኛው ወደ ሌላ ስዊች እንደሚሄድ ወረቀት ላይ ሳታሰፍሩ ምንም አትንኩ።

እኔ ራሴ የሠራሁትን ላስቀድም። ሁሉንም ፖርት በአንዴ መርጬ 802.1ኤክስ (ፖርት ላይ የሚሰካውን ማንነቱን ሳይጠይቅ የማያሳልፈውን ማረጋገጫ) ከፈትኩ። አፕሊንኩም፣ ወደ ሌላው ስዊች የሚሄደው ፖርት፣ አብሮ ገባ። ማዶ ያለው ስዊች ማንነቱን ተጠይቆ መመለስ ስለማይችል ፖርቱ ተዘጋ፣ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለውን የሚወስነው የራዲየስ ሰርቨርም በዚያው መስመር ስለነበር ማንም መግባት አልቻለም፣ እኔም የገባሁት በርቀት ነበርና ስክሪኑ ቀጥ አለ። ስዊቹ ላይ በቀጥታ የሚሰካውን ኮንሶል ኬብል ይዞ መሮጥ ብቻ ቀረኝ። አሁን ከሩቅ ስሠራ ስዊቹ ሲስኮ ከሆነ መጀመሪያ «ሪሎድ ኢን 10» እላለሁ፤ ከተቆለፍኩ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይነሳል፣ ሴቭ ያልተደረገውም ለውጥ አብሮ ይጠፋል። ሁሉ ነገር ከሠራ ግን ሪሎዱን መሰረዝ እንዳትረሱ!

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ፦ ከፍተነዋል ብሎ መተኛት። ሲስኮ ላይ ማረጋገጫው ለስዊቹ በአጠቃላይም ለየፖርቱም መከፈት አለበት፤ የፖርቱን ካልነካችሁት ማንንም ሳይጠይቅ ያሳልፋል። የማይታወቅ ላፕቶፕ ሰክታችሁ ሞክሩት።

ራዲየስ ላይ ስዊቹና ሰርቨሩ የሚተዋወቁበት የጋራው ሚስጥር ቃል በአንድ ፊደል ከተሳሳተ ሰርቨሩ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ስዊቹ ሰርቨሩ የሞተ ይመስለዋል፣ እናንተም ኬብል ስትፈትሹ ትውላላችሁ። የሰርቨሩን የፖርት ቁጥርም (የስዊቹን መሰኪያ ማለቴ አይደለም) እዩ፦ 1812 እና 1813 ነው፣ የድሮዎቹ 1645 እና 1646 ይጠቀማሉ።

ፕሪንተሩስ? አብዛኛው 802.1ኤክስ አልተዘጋጀለትም፣ ስለዚህ በማክ አድራሻው፣ መሣሪያው ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው መለያ ቁጥር፣ ታሳልፉታላችሁ። ችግሩ የሚጠበቀው ጊዜ ነው። ሲስኮ ላይ ስዊቹ በየ30 ሴኮንዱ 3 ጊዜ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ነው ወደ ማክ የሚዞረው፤ 90 ሴኮንድ ማለት ነው፣ እስከዚያ መሣሪያው አይፒ መጠየቁን ተስፋ ቆርጦ ሊተው ይችላል። የመጠበቂያ ጊዜውን አሳጥሩት። ማክ አድራሻ ደግሞ ማንም ሊኮርጀው ይችላል፣ ስለዚህ እነዚህን መሣሪያዎች ጠበብ ያለ ቪላን (ከሌላው የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ አስገቧቸው።

አንድ ፖርት ላይ ብዙ መሣሪያ ሲኖር «መልቲ ሆስት» የሚለውንም ሳታስቡ አትምረጡ። አንዱ ከተረጋገጠ በዚያ ፖርት ያለው ሁሉ ያልፋል፣ አንድ ትኬት ቆርጦ ሰፈሩን ይዞ እንደመግባት። «መልቲ ኦውዝ» እያንዳንዱን ለየብቻ ይጠይቃል።

ወደ ሉፕ እንምጣ፤ ኬብሎች ዞረው ተገናኝተው መስመሩ ክብ ሲሆን ማለት ነው። በኬብሉ የሚያልፈው የዳታ ጥቅል፣ የኢተርኔት ፍሬም፣ ዕድሜ የሚቆጥርለት የለም፤ ሉፕ ካገኘ ይዞራል፣ ይባዛል፣ ኔትወርኩን ያንቃል። ይህን የሚከላከለው ስፓኒንግ ትሪ ነው፤ ስዊቾቹ ቢፒዲዩ የሚባል መልእክት ተለዋውጠው ትርፉን መስመር ይዘጋሉ፣ በድሮው አሠራሩ ግን ፖርት እስኪከፍት 30 ሴኮንድ ይወስዳል። ይሄ ያናደደው ሰው ጭራሽ ያጠፋዋል። ከሁሉ የከፋው ስህተት ለእኔ ይሄ ነው። መፍትሔው የሰው ኮምፒውተር በሚሰካበት ፖርት ላይ ብቻ ፖርትፋስት (ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲከፈት የሚያደርገውን) መክፈት ነው፣ ቢፒዲዩ ሲመጣበት ፖርቱን ከሚዘጋው ከቢፒዲዩ ጋርድ ጋር፤ ያኔ አንድ ሰው ስዊች አምጥቶ ከሰካ ፖርቱ ይዘጋል። ቢፒዲዩ ፊልተር ግን ሌላ ነገር ነው! ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ፖርቱ ላይ በቀጥታ ከገባ ቢፒዲዩ መላኩንም መቀበሉንም ስለሚያቆም እዚያ ፖርት ላይ ስፓኒንግ ትሪን እንዳጠፋችሁት ቁጠሩት።

ሩት ስዊቹንም፣ ስፓኒንግ ትሪ መስመሮቹን ሁሉ ከእሱ ተነስቶ የሚመርጥበትን ዋና ስዊች፣ ለዕድል አትተዉት። የሁሉም የቅድሚያ ቁጥር (ትንሹ ያሸንፋል) 32768 ላይ ከተተወ ትንሹ የማክ አድራሻ ያሸንፋል፣ እሱም ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ የተረሳው አሮጌው ስዊች ሆኖ ይገኛል። ዋናውን 4096 አድርጉት።

ጋርዱ የዘጋውን ፖርት በራሱ እንዲከፈት ማድረግም ይቻላል፣ ሲስኮ ላይ ካልቀየራችሁት በየ300 ሴኮንዱ ይሞክራል። ሉፑ ካልተነቀለ ግን ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል፤ መጀመሪያ ሎጉን አንብቡ፣ ኬብሉን ፈልጉ፣ ከዚያ ክፈቱት።

ሲያልቅ ደግሞ ሴቭ አድርጉ፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ሥራው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።