ማንበብ ለማይወዱ ልጆች የአርበኛ ታሪክ ሲጻፍ የሚፈጸሙ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ከልደት መጀመር ነው። «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ» የሚለው አገባብ በቀብር ላይ ከሚነበብ የሕይወት ታሪክ የመጣ ነው፤ ማንበብ የሚሰለቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ እዚያው ላይ መጽሐፉን ይከድናል። ጃጋማ ኬሎ ጣሊያንን ሊወጋ ጫካ ሲገባ ገና 15 ዓመቱ ነበር። ታሪኩ ከጫካው ይጀመር፤ ወላጆቹ በኋላ ይደርሳሉ።

ከዚሁ ጋር አንቱታው አለ። «ጃጋማ ጫካ ገቡ» ሲባል ልጁ የሚያየው ሽማግሌ ጄኔራል እንጂ ከታላቅ ወንድሙ ጋር የሚመጣጠን ጎረምሳ አይደለም። አርታኢዎች «ነውር ነው» ይላሉ። እኔ ግን በልጅነቱ ገጾች «እሱ»፣ ሌተና ጄኔራል ሲሆን «እሳቸው» ብል ማንም የተደፈረ አይመስለኝም።

ጽሑፉ ሥዕሉን መድገም የለበትም። ሥዕሉ ላይ ጎፈሬና ውጅግራ ከታዩ፣ ከሥሩ «ጎፈሬ አሳድጎ ጠመንጃ ይዞ ቆመ» ማለት ቦታ ማባከን ነው። ሥዕል የማያሳየው ይጻፍ፦ ረሃቡ፣ የሌሊቱ ብርድ፣ የአውሮፕላኑ ድምፅ።

ጀግና ማለት ተኳሽ ብቻ ይመስል ሸዋረገድ ገድሌን መዝለልም የተለመደ ነው። አዲስ አበባ በጠላት እጅ እያለች ከከተማው ውስጥ ለአርበኞች መሣሪያ፣ መድኃኒትና ወሬ ታቀብል ነበር። በኋላ ተይዛ ጣሊያን አገር ወዳለችው የአዚናራ ደሴት ተጋዘች። ድብብቆሽ ለሚወድ ልጅ ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከየት ይመጣል?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ማጋነኑ ነው። ዘርዓይ ደረስ ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በቆመበት ሮም ላይ ጎራዴ መዘዘ። ብዙዎቻችን ስንሰማ ያደግነው እዚያው እንደተገደለ ነው፤ የገደላቸው ሰዎች ቁጥርም በተራኪው ልክ ያድጋል። እውነቱ ግን በሕይወት ተይዞ፣ ሲሲሊ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘግቶበት ቆይቶ በ1937 ዓ.ም. ሞተ። ልጅ ነገ ትክክለኛውን ሲያነብ ያታለልነው እኛ ነን።

በነጻነቱ በ1933 ዓ.ም. መጽሐፉን መዝጋትም ያው ማታለል ነው። በላይ ዘለቀን በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰቀለው ጣሊያን አልነበረም፤ የገዛ አገሩ መንግሥት ነው። ገመዱን መሣል አያስፈልግም። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቀሪውን ገጽ ባዶ መተው ይበቃል፤ ልጁ «ለምን?» ብሎ መጽሐፉን ይዞ ይመጣል።