ተመልካች አይረሳም፦ የረጅም ተከታታይ ድራማ ፕሮዲዩሰር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊልም በሁለት ሰዓት ያልቃል። ረጅም ተከታታይ ድራማ ግን በየሳምንቱ፣ አንዳንዱም በየቀኑ፣ ለዓመታት የሰው ቤት ይገባል። የእንግሊዙ «ኮሮኔሽን ስትሪት» የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያው ክፍል የታየው ዊልያም ሮች ያንኑ ገጸ ባሕርይ ከ60 ዓመት በላይ ተጫውቶታል። እሱን እያዩ ያደጉ ልጆች ዛሬ አያቶች ሆነዋል።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚመራ ፕሮዲዩሰር በጀትና ቀረጻ ብቻ አይደለም በእጁ ያለው። የታሪኩ ትዝታም አደራው ነው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህ አደራ ሲዘነጋ ይመስለኛል።

የታሪክ መዝገብ አለመያዝ

ደራሲዎች ይቀያየራሉ። ዳይሬክተሩ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። በክፍል 40 «እናቴን የቀበርኳት በልጅነቴ ነው» ያለ ሰው፣ በክፍል 310 ስልክ አንስቶ «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ይላል። ስክሪፕቱን አሥር ሰው አንብቦታል፤ ማንም አላስተዋለም። ከመጀመሪያው ጀምራ የምትከታተለው ሴት ግን ወዲያው ትይዘዋለች።

ስለዚህ መዝገብ ይኑር። ማን ከማን ተወለደ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን የት ይሠራል፣ የትኛው እጁ ላይ ጠባሳ አለ፤ ሁሉም ይጻፍ። ከሁሉም በላይ ግን «ማን ምን ያውቃል?» የሚለው ይጻፍ። ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። ተከታታይ ድራማ የሚንቀሳቀሰው በምስጢር ነው። አንድ ምስጢር ለማን፣ በየትኛው ክፍል፣ በማን አፍ እንደተነገረ ካልተያዘ፣ ገጸ ባሕርዩ የሚያውቀውን ነገር እንደ አዲስ ሰምቶ ሲደነግጥ እናያለን። «ኮሮኔሽን ስትሪት» ለዚህ ሥራ መዝገብ ያዥ ነበረው። አቅም ከሌለ አንድ ጠንቃቃ ሰው እና አንድ ፋይል ይበቃል። ዋናው በየክፍሉ መሙላት ነው፤ «በኋላ እናስተካክለዋለን» የተባለ መዝገብ አይስተካከልም።

የተበላሸውን በአንድ ምት ለመሰረዝ መሞከር

በአሜሪካው ድራማ «ዳላስ» ውስጥ ቦቢ ዩዊንግ የተባለው ገጸ ባሕርይ በ1985 ሞተ፤ ተዋናዩ ፓትሪክ ደፊ ሥራውን ለቆ ነበር። በ1986 ተመለሰ። ታዲያ የሞተው ሰው እንዴት ይመለስ? በመካከል የታየው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሕልም ነበር ተባለ። «ኖትስ ላንዲንግ» የተባለው እህት ድራማ ደግሞ የቦቢን ሞት እውነት አድርጎ ታሪኩን ቀጥሎ ስለነበር፣ በዚያኛው በኩል ቦቢ እንደሞተ ቀረ።

ቦቢን መመለሱ ተመልካቹን አስደስቷል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ያን አንድ ዓመት በየሳምንቱ እየጠበቀ ያየው ሰው ነው። ያዘነበትም የተደሰተበትም ሁሉ «አልነበረም» ተባለ። ከዚያ በኋላ አንድ ገጸ ባሕርይ ሲሞት ማን ከልቡ ያለቅሳል? ታሪክ ከተበላሸ ከውስጡ ይጠገን። ገጸ ባሕርዮቹ ራሳቸው ስህተታቸውን ይክፈሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ተመልካቹን አያጣም።

የሚያም ታሪክን ለድንጋጤ ብቻ መጠቀም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳቱ ከስክሪን አልፎ የሰው ሕይወት ይነካልና።

በአሜሪካው ድራማ «ጄነራል ሆስፒታል» በ1979 ሉክ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሎራን አስገድዶ ደፈራት። ሁለቱ ተዋንያን አብረው ሲታዩ ተመልካች ወደዳቸው፤ ታሪኩም ቀስ በቀስ ወደ ፍቅር ተለወጠ። በ1981 ሰርጋቸውን 30 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው። በቁጥር ካየነው ትልቅ ድል ነው። ያ ሌሊት ግን አልጠፋም። በ1998 ድራማው ራሱ ወደዚያ ታሪክ ተመልሶ ድርጊቱን በስሙ መጥራት ግድ ሆነበት። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

የእንግሊዙ «ኢስትኤንደርስ» ጥንቃቄ ያለበትንም ለድንጋጤ የሚሮጠውንም፣ ሁለቱንም መንገድ አሳይቶናል። በ1991 ማርክ ፋውለር የተባለው ገጸ ባሕርይ ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ታወቀ። ደራሲዎቹ ፈጥነው አልገደሉትም። ከ10 ዓመት በላይ እዚያው ሰፈር ሠራ፣ አፈቀረ፣ ተጣላ፣ ኖረ። በ2010 መጨረሻ ደግሞ ሕፃን ልጇ በድንገት የሞተባት እናት የሞተውን ልጇን በሌላ እናት ሕያው ሕፃን ስትለውጥ ታየ። ቅሬታው በሺዎች መጣ፤ ታሪኩም ከታሰበው ቀድሞ እንዲያልቅ ተደረገ። ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ሐዘናቸው ወደ እብደትና ወንጀል ተለውጦ ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ስክሪፕቱ ከመጻፉ በፊት በነገሩ ያለፉ ሰዎችንና ባለሙያዎችን ስሙ። ከዚያም ለታሪኩ ጊዜ ስጡት። በሦስት ክፍል የሚድን ቁስል ለማንም አይጠቅምም።

ስክሪፕት ሳይደርስ ወደ ቀረጻ መግባት

ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ሁሉም ያደርገዋል። ስክሪፕት ሌሊት ደርሶ ጠዋት የሚቀረጽ ከሆነ፣ ተዋናዩ ቃሉን እንጂ ስሜቱን አይዝም፣ የአልባሳት ክፍሉ ይሳሳታል፣ ሎኬሽን ይሰረዛል። ከቀረጻው ቢያንስ በበርካታ ሳምንታት የቀደመ ታሪክ ይኑራችሁ።

ተዋናይ ሲለቅ መደናገጥ

ሰው ይታመማል፣ ይጣላል፣ የተሻለ ሥራ ያገኛል። ውሉ ላይ ከመልቀቁ በፊት ስንት ጊዜ ቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበት ይጻፍ፤ ገጸ ባሕርዩ በክብር የሚሸኝበት ክፍል ይቀረጽ። ተጣልቶ የሄደን ተዋናይ ገጸ ባሕርዩን በማዋረድ መበቀል አሳፋሪ ነው። የሚጎዳው ያንን ገጸ ባሕርይ የወደደው ተመልካች ነው። ደግሞም «ውጭ አገር ሄደ» የተባለ ሰው አንድ ቀን ሊመለስ ይችላል። የተቀበረ ግን፣ ከላይ እንዳየነው፣ መመለሻው ከባድ ነው።

በኢንተርኔት ጫጫታ መነዳት

አስተያየት ይነበብ። ግን በአንድ ሳምንት ቁጣ የስድስት ወር ታሪክ አይገልበጥ። «ይህን ክፉ ሰው አስወግዱት!» የሚል ተመልካች ብዙ ጊዜ ክፉው ሰው ስለያዘው ነው በየሳምንቱ የሚመለሰው።

አንጋፋዎቹን ወደ ጥግ መግፋት

ተመልካች ሲቀንስ የመጀመሪያው ሐሳብ ወጣት ተዋናዮችን ማስገባት ይሆናል። ይግቡ። ግን አዲሱ ልጅ ብቻውን አይግባ። የአንጋፋዋ የልጅ ልጅ ይሁን፣ ቤቷን ይከራይ፣ የድሮ ምስጢሯን ይድረስበት። ያኔ ሃያ ዓመት የተከታተለችው ሴት አዲሱን ልጅ የምታይበት ምክንያት ታገኛለች። ትናንት የጀመረውም አሮጊቷ ማን እንደሆነች ለማወቅ የቆዩትን ክፍሎች ፈልጎ ያያል።