ያገለገለ ፒክአፕ በውስን ገንዘብ ለመግዛት፦ ምን ይመረጣል፣ እንዴት ይመረመራል?

በአገራችን ፒክአፕ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን የሚፈልገው ለእንጀራው ነው። ሲሚንቶና ብረት ወደ ግንባታ ቦታ የሚያመላልስ ተቋራጭ፣ ከሱሉልታ ወተት ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባ ነጋዴ፣ ከከተማ ርቆ ከብት የሚያደልብ ሰው፣ ሁሉም መኪናው አንድ ሳምንት ጋራዥ ሲገባበት ከጥገናው ወጪ ይልቅ የቆመው ሥራ ይጎዳዋል። ገንዘቡ የተትረፈረፈ ገዢ ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ ያጠራቀማትን ይዞ ወደ ገበያ የወጣ ሰው ግን መሳሳት የሚችልበት ትርፍ ስለሌለው ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ገበያውም ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ አልተመቸም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አገልግለው በሚገቡ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እነዚህ ሲደራረቡ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው ጨመረ፤ ከዋጋው ጋርም መኪናን አሳምሮ የመሸጥ ፍላጎት አብሮ አደገ። ስለዚህ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ የሃያ ዓመት ፒክአፕ ሲያዩ መጀመሪያ ሊመጣብዎ የሚገባው ጥያቄ «ለምን አሁን ተቀባ?» የሚል ነው።

መኪና ከመፈለግዎ በፊት ገንዘብዎን ይከፋፍሉት። እኔ የምመክረው ካለዎት ገንዘብ ከመቶ ሰማንያ የሚሆነውን ብቻ ለመኪናው ዋጋ እንዲመድቡና ቀሪውን እንዳይነኩት ነው። ስም ለማዞር የሚከፈለው፣ የደላላው ኮሚሽን፣ የመድኑ ክፍያ፣ ከዚያም ማንኛውም አሮጌ መኪና በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠይቀው ጎማ፣ ባትሪ፣ ፍሪሲዮንና ቺንጋ ከዚያው ገንዘብ ይወጣል። ያላቸውን ሙሉ ገንዘብ አውጥተው «ትንሽ የተሻለ ሞዴል» የገዙና ጎማ መግዣ አጥተው መኪናውን ደጃፋቸው ያቆሙ ሰዎችን አውቃለሁ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ በትንሽ ገንዘብ ከሚያምር አዲስ ይልቅ ያልተወሳሰበ አሮጌ ይሻላል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። የቶዮታ ሃይሉክስን ብንወስድ፣ 3ኤልና 5ኤል በሚል የሚታወቁት የቀድሞ የናፍጣ ሞተሮች ቱርቦ የላቸውም። 5ኤል 2,986 ሲሲ ቢሆንም ጉልበቱ መጠነኛ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ዳገት ላይ ይበልጥ ይደክማል። ነገር ግን አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል፤ መለዋወጫውም መርካቶ ሶማሌ ተራ አዲሱም አሮጌውም ይገኛል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው «ቪጎ» የሚባለው ሃይሉክስ የያዛቸው 2ኬዲና 1ኬዲ ሞተሮች ግን ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በኮምፒውተር በሚታዘዝ ኢንጀክተር የሚረጩ ናቸው። ሞተሮቹ ጉልበታምና ቆጣቢ ቢሆኑም ቆሻሻ ወይም ውሃ የተቀላቀለበት ናፍጣ ኢንጀክተራቸውን በፍጥነት ይገድለዋል፤ አራቱን ባንድ ጊዜ መቀየር ደግሞ ያስቀመጡትን የጥገና ገንዘብ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። በተለይ 1ኬዲ ላይ የኢንጀክተሩ መዳብ ማሸጊያ ሲያልቅ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ሞተር ዘይቱ እየገባ ዘይቱን ያጠቁረዋል፣ ያወፍረዋል፤ በመጨረሻም የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል። ቪጎ አይገዛ ማለቴ አይደለም፤ ኢንጀክተሩ መቼ እንደተፈተሸ የሚያሳይ ማስረጃ ሳያዩ አይገዛ ማለቴ ነው።

ከሃይሉክስ ስም ውጭም ጥሩ መኪና አለ፤ ብዙ ጊዜም ዋጋው ዝቅ ይላል። የአይሱዙ ዲማክስ ጠንካራ የሥራ መኪና ነው። ሚትሱቢሺ ኤል200 ላይ ያለው 2.5 ሊትር 4ዲ56 ሞተር ሁለት ቺንጋዎች አሉት፤ ትንሹ የሚዛን ቺንጋ ሲበጠስ ታይሚንጉ (የቫልቮቹንና የፒስቶኖቹን እንቅስቃሴ የሚያጣጥመው ክፍል) ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሊያጠፋ ስለሚችል ሁለቱም አብረው መቀየራቸውን ይጠይቁ። የኒሳን ናቫራ የመጀመሪያዎቹ 2.5 ሊትር ሞተሮች ታይሚንጋቸው ሰንሰለት ሆኖ ሰንሰለቱ ስለሚላላ፣ ሲነሳ የብረት መንኳኳት የሚሰማበትን ይተዉት። ነጠላ ጋቢናና ደብል ጋቢናም የዋጋ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ሥራዎ ጭነት ከሆነ ለማይጭኑት ሰው ወንበር አይክፈሉ።

መኪናው ከየት እንደመጣ ማወቅም የምርመራው አካል ነው። የእርዳታ ድርጅቶችና የተባበሩት መንግሥታት ኤጀንሲዎች ያገለገሉ ተሽከርካሪዎቻቸውን በጋዜጣ በሚወጣ ጨረታ ይሸጣሉ፤ ሰርቪሳቸው ብዙውን ጊዜ በመዝገብ የተያዘ ስለሆነ መነሻቸው ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚሸጡት «ባለበት ሁኔታ» ነው፤ ካሸነፉ በኋላ ቅሬታ የለም። ከቀረጥ ነጻ የገቡ ከሆኑ ደግሞ ቀረጡን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ አሸናፊው ስለሆነ፣ የመነሻ ዋጋውን አይተው ርካሽ ነው ብለው ሲፒኦ ከማሠራትዎ በፊት ቀረጡ ስንት እንደሚመጣ ከጉምሩክ ይጠይቁ። ከግለሰብ ሲገዙ ደግሞ መኪናው ምን ይሠራበት እንደነበር በቀጥታ ይጠይቁ። ድንጋይና አሸዋ ሲያመላልስ የኖረ ፒክአፕና የቢሮ ሠራተኛ ሲያመላልስ የኖረ ፒክአፕ ሊብሬያቸው ላይ ዓመታቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሻንሲያቸው ግን አንድ አይደለም።

ሞተርን መመርመር የሚቻለው ቀዝቅዞ ሲያገኙት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ ለማየት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በቀጠሮ ሄድን። መኪናው ባንድ ቁልፍ ተነሳ፤ ድምፁም ያማረ ነበር። እኔ ግን አስቀድሜ ኮፈኑን በመዳፌ ስነካው ሞቆ ነበር፤ ፀሐይ ሳያገኘው ቆሞ ያደረ መኪና ኮፈኑ ሊሞቅ አይችልም። በማግሥቱ ሳንደውል አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ሻጩ ቅር እያለው ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ረጅም ጊዜ አሽከረከረው፣ ሲነሳም ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላውና ለደቂቃዎች እየተንገጫገጨ ቆየ። ያን ቀን ገንዘባችንን ይዘን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ያልቀዘቀዘ ሞተር አይቼ ዋጋ አልነጋገርም።

ከመነሳቱ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃውን ይመልከቱ፤ ሞተሩ ትኩስ ከሆነ ግን ክዳኑን ፈጽሞ አይንኩት፣ ውሃው ፈንድቶ ያቃጥላል። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ቡና በወተት የመሰለ አረፋ ከታየ፣ የቴስታ ጓርኒሲዮን ተበልቶ ወይም ቴስታው ራሱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱና ቀዳዳው ላይ በቀስታ ገልብጠው ያስቀምጡት። ትንሽ እንፋሎት ችግር የለውም፤ ክዳኑን የሚያስዘልል ግፊት ካለ ግን ፒስቶንና ፋሻው አልቋል ማለት ነው። የጭሱም ቀለም ይናገራል፦ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ሞቆም የማይተው ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣን ወይም ወደ ቃጠሎው የገባ ውሃን ያመለክታል። ጥቁር ጭስን በተመለከተ ግን ፍርድዎን አያፍጥኑ። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ በአዲስ አበባ ከፍታ ሲረግጡት ጥቂት ጥቁር ጭስ መልቀቁ የተለመደ ነው፤ በቀስታ ሲነዳም ጥቁር የሚተፋ ከሆነ ግን የአየር ማጣሪያው ወይም ኖዝሉ ይታይ።

ከሞተር ይልቅ ግን እኔን የሚያስፈራኝ ሻንሲ ነው፤ ሞተር ይታደሳል፣ የተጣመመ ወይም የተሰበረ ሻንሲ ግን መቼም እንደ ቀድሞው አይሆንም። አሮጌ ልብስ ያንጥፉና መኪናው ሥር ይግቡ፤ የእጅ ባትሪ ይያዙ። ከጋቢናው ጀርባ፣ ጭነት መጫኛው የሚጀምርበት ቦታና ባሌስትራው የተንጠለጠለበት አካባቢ ሸክሙ የሚያርፍባቸው ስለሆኑ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሌላው ሁሉ አቧራና ጭቃ ሆኖ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ብቻ ጥቁር ቀለም በቅርቡ ተረጭቶ ካገኙ፣ ሻጩን አስፈቅደው በቁልፍ ጫፍ ፋቅ ያድርጉት። ቀለሙ ሲነሳ ሥሩ ለስላሳ ብረት ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ትል የተጠቀለለ የብየዳ መስመር ብቅ ካለ ግን ምርመራው እዚያው አብቅቷል። በሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥርም ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያነጻጽሩ። የቁጥሮቹ መጠንና ጥልቀት ካልተስተካከለ ወይም ዙሪያው ከተሞረደ፣ የፖሊስ ጉዳይ እንጂ የዋጋ ድርድር አይደለም።

ላሜራውን በጣት አንጓ እያንኳኩ ይዙሩ። ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል፣ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ድምፁ ይታፈናል፤ ትንሽ ማግኔት ከያዙ ደግሞ ስቱኮው ላይ አይጣበቅም። በር ላይ የተቧጠጠን ቦታ ማደስ ነውር አይደለም፤ በፓራፋንጎውና በጋቢናው ምሰሶ ላይ ስቱኮ ከተገኘ ግን ግጭት ነበረ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙም አይመኑት። የፍሪሲዮኑ መርገጫ ጎማ አልቆ ብረቱ የሚታይ፣ መሪው እጅ ልሶት የሚያብረቀርቅ መኪና ቆጣሪው 90,000 ኪሎ ሜትር ቢል እውነቱ ያለው መርገጫው ላይ ነው። ጎማ ላይ ደግሞ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ ያገኛሉ፤ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው፣ ጥርሱ ወፍራም ቢሆንም ዕድሜውን ከዚህ ያውቁታል።

ከዚያ ይንዱት፤ ሻጩ በመረጠው ሜዳ ሳይሆን እርስዎ በመረጡት ዳገት። አዲስ አበባ ላሉ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ጥሩ ፈተና ነው። እየወጡ የሙቀት መለኪያውን ይመልከቱ፤ ከመሃል አልፎ መውጣት ከጀመረ ራዲያተሩ ወይም ቴስታው ላይ ችግር አለ። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ቁልቁል ሲመለሱ ፍሬኑ ወደ አንድ ወገን የሚስብ መሆኑን፣ ማርሽ ነዳጅ ሲለቁለት ራሱን የሚያወጣ መሆኑን ያስተውሉ። አራቱም ጎማ የሚጎትት ከሆነ ኮረኮንች ወይም አፈር መንገድ ላይ አስገብተው ይሞክሩት፤ በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መጠምዘዝ ግን ዲፈረንሻሉን ይጎዳዋል። ብዙ ሻጮች «ይሠራል፣ ግን አልተጠቀምንበትም» ይላሉ፤ እርስዎ ሲገባ ካላዩት እንደማይሠራ ቆጥረው ዋጋ ይስጡ።

በዚህ ሁሉ ካለፈ፣ ሻጩ የማያውቀውን የራስዎን መካኒክ ከፍለው ያስመርምሩ። ደላላው የሚያመጣው መካኒክ ኮሚሽኑን የሚያስበው ከማን ኪስ እንደሆነ ይገመታል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ዋናውን ሊብሬ እንጂ ኮፒውን አይመልከቱ፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ፣ የዘመኑ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድኑም ይታዩ። መኪናው በባንክ ብድር ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያልታገደ መሆኑን ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ ራስዎ ሄደው ያጣሩ። ከቀረጥ ነጻ መብት የገባ ከሆነ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል ስላለበት፣ የከፈለው ማን እንደሆነ በደረሰኝ ይረጋገጥ። ኮድ 3 (የንግድ ታርጋ) ከሆነ ሻጩ የግብር ክሊራንሱን ከወዲሁ ያቅርብ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው አብሮ ይፈርም፤ ካላገባ ማስረጃውን ያምጣ። ብዙዎችን የሚያታልለው ግን ውክልና ነው፦ «ውክልና እሰጥሃለሁ፣ ስሙን ቀስ ብለህ ታዞራለህ» የሚል ሻጭ ቢገጥምዎ፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም እንደሚያበቃ፣ ወራሾቹም መኪናውን ሊጠይቁ እንደሚችሉ አይዘንጉ። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈራረሙ፣ ገንዘቡን በባንክ ያስተላልፉ፣ በውሉ ላይም የተከፈለውን እውነተኛ ዋጋ ያስጽፉ፤ ዋጋውን አሳንሶ መጻፍ ክርክር ቢነሳ የሚጎዳው ገንዘቡን የከፈለውን ነው።

ቁልፉን በተረከቡ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጭነት ከመጫንዎ በፊት፣ የሞተር ዘይቱን ከነማጣሪያው፣ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይቱን ይቀይሩ። ታይሚንጉ በቺንጋ የሚሠራ ከሆነና የተቀየረበት ቀን በወረቀት ካልታየ፣ ሻጩ «በቅርቡ ተቀይሯል» ቢልዎም ያስቀይሩት። የቀየሩበትን ቀንና የቆጣሪውን ንባብ በትንሽ ደብተር ጽፈው ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ያስቀምጡት።